የሚመቻችሁን ስፖርት ማግኘትና ፕሮግራማችሁን ለሌላ ሰው ማካፈል፦ ደረጃ በደረጃ

«ስፖርት መጀመር ፈልጌ ነበር፤ አንተ የምትሠራውን ላክልኝ እስቲ።» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። መላኩ ቀላል ነው። ግን የተላከለት ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ሞክሮ ይተወዋል። ፕሮግራሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሌላ ሰው አካል፣ ለሌላ ሰው ሰዓትና ለሌላ ሰው ፍላጎት የተሠራ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ከፍዬ እመልሳለሁ። መጀመሪያ የሚመቻችሁን እንቅስቃሴ እንዴት ፈትናችሁ እንደምታገኙ። ቀጥሎ ያገኛችሁትን ሌላ ሰው ሳይጎዳ ሊሠራው በሚችል መልክ እንዴት እንደምትጽፉት። ፈተናው ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ረዘመ ካላችሁ፣ በየጊዜው እየጀመሩ ማቋረጥ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይበላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም የስልክ ማስታወሻ
- ሰዓት ቆጣሪ (የስልካችሁ ይበቃል)
- ተረከዝ የማይልጥና ጣት የማያጨናንቅ ጫማ
- እጃችሁን ዘርግታችሁ ስትዞሩ ምንም የማይነካችሁ ባዶ ቦታ
- ምንጣፍ ወይም ወፍራም ፎጣ
- የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር
- የመጠጥ ውሃ
- ካገኛችሁ፦ መዝለያ ገመድ ወይም የስፖርት ላስቲክ

ዳምቤልና ማሽን አሁን አትግዙ። የምትወዱትን ሳታውቁ የተገዛ ዕቃ ጥግ ይዞ ይቀራል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም አስም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨንቃችሁ ወይም የሚያዞራችሁ ከሆነም እንዲሁ። ስፖርት ተከልክላችኋል ማለቴ አይደለም። ለአብዛኞቹ እነዚህ ሁኔታዎች እንቅስቃሴ ይጠቅማል። ዓይነቱንና መጠኑን ግን ሁኔታችሁን የሚያውቅ ባለሙያ ይንገራችሁ።

1. ከዚህ በፊት ለምን እንዳቆማችሁ ጻፉ

ደብተሩን ክፈቱና ሞክራችሁ የተዋችሁትን ስፖርት ሁሉ ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን የደበራችሁን ነገር አንድ በአንድ ጻፉ። «ሩጫ አልወድም» አይበቃም። ምኑን? ትንፋሽ ማጠሩን? ሰው ሲያያችሁ ማፈሩን? በጠዋት መነሣቱን? ጉልበታችሁን ማመሙን?

ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ፦

- ብቻችሁን ስትሆኑ ይሻላችኋል ወይስ ከሰው ጋር?
- ቤት ውስጥ ወይስ ውጭ?
- አንድ ነገር መደጋገም ያረጋጋችኋል ወይስ ቶሎ ይሰለቻችኋል?
- ውጤት መቆጠሩና መፎካከሩ ያነቃችኋል ወይስ ያስጨንቃችኋል?
- በቀን ውስጥ ጉልበት የሚኖራችሁ መቼ ነው?

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው እንቅስቃሴውን ከሁኔታው ስለሚለይላችሁ ነው። ብዙ ሰው ጂም የጠላው ክብደት ማንሳት ጠልቶ አይደለም። ጩኸቱን፣ መስታወቱን ወይም ወረፋውን ነው የጠላው። ያ ሰው ቤቱ በላስቲክ ቢሠራ ሊወደው ይችላል።

2. ከተለያየ ጎራ ሦስት ምረጡ

እንቅስቃሴዎችን በአራት ጎራ ክፈሏቸው፦

- ትንፋሽና ልብ የሚያሠሩ፦ ፈጣን እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ብስክሌት፣ ዋና፣ ገመድ ዝላይ፣ ዳንስ
- ጡንቻ የሚያጠነክሩ፦ ፑሽአፕ፣ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ክብደት ማንሳት፣ በላስቲክ የሚሠሩ
- የሚያፍታቱና ሚዛን የሚያስጠብቁ፦ ዮጋ፣ ፒላቴስ (ሆድና ጀርባን የሚያጠነክር ዝግተኛ ልምምድ)፣ ታይ ቺ (የቻይና ዝግተኛ እንቅስቃሴ)
- ጨዋታ፦ እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቴኒስ፣ ባድሜንተን

ከሦስት የተለያዩ ጎራዎች አንዳንድ ውሰዱ። ሦስቱንም ከአንድ ጎራ ከወሰዳችሁ የምታወዳድሩት ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ሶምሶማ የማይመቸው ሰው ገመድ ዝላይም ላይመቸው ይችላል። ሁለቱም ልብ በፍጥነት የሚያስመቱ፣ እግር ከመሬት ጋር የሚያጋጩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለቱን ሞክሮ «እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም» ይላል። የጎራ ምርጫው ነው ያታለለው።

3. እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሳምንት፣ በዝግታ ሞክሩ

በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ከዚያ አትለፉ፣ ደስ ቢላችሁም እንኳ። የመጀመሪያው ቀን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ወይ አዲስነቱ ያስደስታችኋል፣ ወይ ያልለመደው ጡንቻ ታሞ ያስጠላችኋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው እውነቱ የሚታየው።

ልኩን የምታውቁት በወሬ ነው። እየሠራችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ ጫና ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ የምትስቡ ከሆነ ከባድ ላይ ገብታችኋል። በሙከራ ጊዜ መካከለኛው ላይ ቆዩ። ትንፋሽ መቆራረጥ ከጀመረ በኋላ አብዛኛው ሰው ደስ አይለውም። ያኔ የምትለኩት ስፖርቱን ሳይሆን ድካሙን ይሆናል።

«ሩጫ እጠላለሁ» የሚሉኝን ሰዎች ሁሌም ፍጥነታቸውን እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ ከአቅማቸው በላይ ፈጥነው ነው የሚጀምሩት። እነሱን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ 5 ደቂቃ ተራመዱ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን 5 ጊዜ ድገሙ። ሶምሶማው ከጎናችሁ በፈጣን እርምጃ የሚሄድ ሰው የማይቀደምበት ዓይነት ዝግተኛ ይሁን። እግራችሁን ብዙ አታንሡ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ትከሻችሁን ልቀቁ። ስትጨርሱ ጉልበት ሊተርፋችሁ ይገባል። ከተረፋችሁ በትክክል ሠርታችኋል።

ሌላም የሚረዳ ዘዴ አለ። ሰውነታችሁን በደንብ ካሟሟቃችሁ በኋላ ከበድ ያለውን ክፍል ወደ መጀመሪያው አምጡትና እየቀለለ ይለቅ። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ ከብዶ ጀምሮ እየቀለለ የሚሄድ የብስክሌት ልምምድ የሠሩ ሰዎች፣ ቀሎ ጀምሮ እየከበደ የሚሄደውን ከሠሩት ይልቅ ልምምዱን በደስታ አስታውሰውታል። ቀጣዩን ቀን የሚወስነው ደግሞ የምታስታውሱት ስሜት ነው።

4. ስሜታችሁን በቁጥር መዝግቡ

የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። ከ−5 (በጣም ደባሪ) እስከ +5 (በጣም ደስ የሚል)፤ 0 ማለት እንዲሁ መሀል ላይ ነው። ሦስት ጊዜ መዝግቡ፦ መሀል ላይ፣ እንደጨረሳችሁ፣ በነጋታው ጠዋት። በነጋታው አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ዛሬ ብደግመው ደስ ይለኛል?»

መዝገቡ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ 15 ደቂቃ (30 ሰከንድ ዝላይ፣ 30 ሰከንድ ዕረፍት)። መሀል ላይ −2፣ ስጨርስ +3፣ በነጋታው +1። ባት ይዞኛል። ልድገመው? አዎ፣ ግን ነገ።

ሐሙስ፣ ዮጋ በቪዲዮ፣ 20 ደቂቃ። መሀል ላይ +1፣ ስጨርስ +1፣ በነጋታው 0። ሰዓቱ አልሄድ ብሎኝ ነበር። ልድገመው? አይ።

አያችሁ? ዮጋው መሀል ላይ የተሻለ ነጥብ አለው። ግን ሰዓት እያዩ የተሠራ ነገር ዕድሜ የለውም። ገመዱ ሲሠራ ይከብዳል፣ ኋላ ላይ ግን ይጠራል። እንደጨረሳችሁ የምትሰጡትን ነጥብ ብቻ አትመኑ። «ተገላገልኩ» የሚለው እፎይታም ደስታ መስሎ ይመዘገባል። እኔ ከሁሉ የማምነው የነጋታውን መልስ ነው።

5. ከመጣላችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

ነጥቡ ዝቅ ያለውን ወዲያው አትሰርዙ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሯችሁ የሚሠራውን ሰው፣ ሙዚቃውን ወይም ፍጥነቱን፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሁለት ጊዜ ሞክሩ። አንድ ብቻ የምለው፣ ሦስቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳ ስለማታውቁ ነው። ከዚያም ካልተስተካከለ ያለ ጸጸት ተዉት።

6. የሳምንት ፕሮግራም ሥሩ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። በተጨማሪም ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች የሚያሠራ ልምምድ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን። ይህ የምትደርሱበት ቦታ ነው እንጂ የምትነሡበት አይደለም። መመሪያው ራሱ ትንሽም ቢሆን ከምንም እንደሚሻል ይናገራል።

የወደዳችሁትን የሳምንቱ ዋና አድርጉት። ባትወዱትም ከሚያስፈልጋችሁ ጎራ ደግሞ አጠር ያለ ነገር ጨምሩበት። ለምሳሌ ዳንስ ወድዳችሁ ጡንቻ ማሠራት ከደበራችሁ፣ ይህን በሳምንት ሁለት ቀን ብትሠሩ ለመነሻ ይበቃል፦

- ሰውነት ማሟሟቅ፣ 5 ደቂቃ፦ ባላችሁበት መራመድ፣ ክንድ ማዞር፣ ዳሌ ማዞር
- ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፦ 8–10 ጊዜ
- ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ፦ 6–10 ጊዜ
- በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ ዳሌ ማንሳት፦ 10–12 ጊዜ
- ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፦ 20 ሰከንድ

ሁሉንም ሁለት ዙር፤ በየመሀሉ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ዕረፍት። ጠረጴዛው ከባድና የማይንቀሳቀስ ይሁን።

ቁጭ ብድጉን ላብራራው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉ። ከፊቱ ቁሙ፣ እግራችሁ በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ። መጀመሪያ ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ግፉ፣ ከዚያ በሦስት ሰከንድ ውረዱ። ወንበሩን ንኩት እንጂ አትውደቁበት። ጉልበታችሁ የእግር ጣታችሁ ወደሚያይበት አቅጣጫ ይሂድ፤ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ይሆናል። ሙሉ ተረከዛችሁ መሬት ይዞ፣ ትንፋሽ እያስወጣችሁ ተነሡ። ወንበሩ የሚያስፈልገው ዝቅታውን እኩል ስለሚያደርገው ነው። ሰው ሲደክም ሳያውቀው ከፍ ብሎ ይቀራል።

«ሁለት ሦስት ልጨምር እችል ነበር» ስትሉ ቁሙ። እስክትወድቁ መሥራት ለጀማሪ አያስፈልግም። አሠራርን ያበላሻል፣ ቀጣዩን ቀንም ያስፈራል። በሁለት ተከታታይ የጡንቻ ልምምዶች ከፍተኛውን ቁጥር ያለ ችግር ከጨረሳችሁ አንድ ዙር ጨምሩ። በሁለቱ የጡንቻ ቀናት መሀል ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ከልምምዱ በኋላ ሲያገግም ነው።

7. ፕሮግራማችሁን ሌላ ሰው ሊሠራው በሚችል መልክ ጻፉ

አሁን ጓደኛችሁ «ላክልኝ» ሲል የምትልኩት አላችሁ። ግን «እግርና ደረት፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ሩጫ» ብላችሁ አትላኩ። ይህን ያነበበ ሰው የጎደለውን በግምት ይሞላል፣ ብዙውን ጊዜም አብዝቶ ነው የሚሞላው። እነዚህ ነገሮች ይኑሩበት፦

ሀ. መነሻችሁ። ስፖርት ከጀመራችሁ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጉዳት ካለባችሁ የት እንደሆነ። አንባቢው ርቀቱን የሚያውቀው በዚህ ነው።

ለ. የድካም መጠን ከ10። 0 ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ፣ 10 ማለት ከዚህ በላይ የማይቻል። «በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ» ለአንዱ 4፣ ለሌላው 9 ነው። የክብደት ኪሎም እንዲሁ። «5 ላይ 20 ደቂቃ» ብትሉ ግን ሁሉም በየአቅሙ ይሠራዋል። ከቁጥሮቻችሁ ሁሉ ለሌላ ሰው የሚያገለግለው ይህ ነው።

ሐ. ብዛት፣ ዙርና ዕረፍት። ዕረፍቱን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። አንድ ዓይነት ልምምድ በ30 ሰከንድ ዕረፍትና በ2 ደቂቃ ዕረፍት ፈጽሞ አይመሳሰልም።

መ. ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ቀለል ያለና አንድ ጠንከር ያለ አማራጭ። ለፑሽአፕ ቀላሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከባዱ መሬት ላይ።

ሠ. የት ሊሰማ እንደሚገባ። «ዳሌ ስታነሡ ከመቀመጫችሁና ከጭናችሁ ጀርባ ይሰማችሁ፤ ወገባችሁ ላይ ከተሰማችሁ ከፍታውን ቀንሱ።» አንድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

ረ. የወደዳችሁበት ምክንያት። «ከሥራ መልስ ጭንቅላቴን ያቀልልኛል» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ እሱ የሚፈልገው ሌላ ከሆነ ወዲያው ያውቃል።

8. ስትሰጡ ጠይቁ፣ ስትወስዱ ቀንሱ

ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ፦ የሚያምህ ቦታ አለ? በሳምንት ስንት ቀን ይመችሃል? ከዚህ በፊት ምን ሞክረህ ተውክ? መልሱን ሰምታችሁ የማይሆነውን አውጡ። ከተቻለ የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁ ሥሩ። ካልተቻለ ከጎን በኩል ቪዲዮ ይቅረጽና ይላክላችሁ። ከፊት ለፊት የተቀረጸ የወገብን መጉበጥ አያሳይም።

እናንተ ደግሞ የሌላ ሰው ፕሮግራም ስትወስዱ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሽ ዙር ሥሩ። ልባችሁና ሳንባችሁ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ይዘገያሉ። «ቀለለኝ» ብላችሁ የምትጎዱት በዚህ ክፍተት ነው።

ቆም የሚያስብሉ ምልክቶች

- የደረት ሕመም ወይም መጨምደድ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ያልተለመደ የትንፋሽ እጥረት፦ ወዲያው አቁሙ፣ አስቸኳይ ሕክምና ፈልጉ።
- ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻ ካበጠ ወይም ከመጠን በላይ ካመመ፦ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።
- መገጣጠሚያ ላይ ስለት የሚመስል ውጋት፣ እብጠት ወይም መክዳት፦ በዚያ ቦታ አትሥሩ።

በአንጻሩ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ በሁለቱም እግር ወይም ክንድ ላይ እኩል የሚሰማ የጡንቻ መያዝ የተለመደ ነው። ቀለል ያለ እርምጃ ያፍታታዋል።

ክብደት ስታነሡ ትንፋሽ አትያዙ፣ በተለይ ደም ግፊት ካለባችሁ፤ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

ሁሉንም በአንድ ሳምንት መጀመር። ሰኞ ሩጫ፣ ማክሰኞ ጂም፣ ረቡዕ ዮጋ፣ ከዚያ ሐሙስ አልጋ ላይ።

ማሟሟቂያን መዝለል። ጊዜ ካጠረ ዋናውን ክፍል አሳጥሩ እንጂ እነዚያን 5 ደቂቃዎች አትንኩ።

ላብን የጥሩ ልምምድ መለኪያ ማድረግ። ላብ ሙቀትን ነው የሚናገረው።

ራስን ፕሮግራሙን ከሰጣችሁ ሰው ጋር ማወዳደር። መመዘኛው ያለፈው ሳምንት ደብተራችሁ ነው።

አንድ ቀን ስላመለጠ ሁሉንም መተው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ሰዎች አዲስ ልማድ ሲያስይዙ ተከታትለው፣ ነገሩ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አግኝተዋል፤ ከሰው ሰው ግምቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን ማሳለፍም ሂደቱን እምብዛም አልጎዳውም። ስለዚህ አንድ ቀን ካመለጣችሁ በቀጣዩ ቀን ካቆማችሁበት ቀጥሉ፤ ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት እጥፍ አትሥሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ካቋረጣችሁ ግን በግማሽ ዙር ጀምሩና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ።